ትራውት በባሌ ወንዞች፤ ከአንድ በጋ የተገኘ የአጥማጅ መመሪያ

በአገራችን ስለ ዓሣ ማጥመድ ወሬ በተነሣ ጊዜ የሰው ሐሳብ ወዲያው የሚያቀናው ወደ ጣና፣ ወደ ዝዋይ፣ ወደ ጫሞ ወይም ወደ ባሮ ነው፤ ዳሩ ግን በባሌ ደጋ፣ ከባሕር ወለል በላይ ሦስት ሺህ ሜትር በሚያህልና ከዚያም በሚበልጥ ከፍታ፣ በበጋ ሌሊት አመዳይ በሚጋገርበት ምድር፣ ጎኑ በነጠብጣብ የተዥጎረጎረ፣ ሥጋው ጽኑዕ፣ ጠባዩ እጅግ ተጠራጣሪ የሆነ እንግዳ ዓሣ በዌብ፣ በዳንካ፣ በሻያና በተጎና ወንዞች ውስጥ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ሲዋለድና ሲባዛ መኖሩን ከሮቤ፣ ከጎባና ከዲንሾ ሰዎች ውጭ የሚያውቅ ብዙ አይደለም። ስሙ ትራውት ነው።

ትራውት ለባሌ ባዕድ ፍጡር ነው። ቡናማው ትራውት የአውሮፓ፣ ቀስተ ደመናው ትራውት ደግሞ የሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ተወላጅ ሲሆን፣ እንግሊዞች በሃያኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ላይ ወደ ኬንያ ደጋ አምጥተው በወንዞቹ ለቀቋቸው፤ ከኬንያም በፈረንጅ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ወደ ባሌ ተሻገሩ፤ ይኸውም የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ሊቋቋም በተቃረበበት ዘመን ነው። እንግዳው በዚያ ሥር የሰደደበት ምክንያት ግልጽ ነው። ትራውት ቀዝቃዛና ፈጣን ውኃ ይፈልጋል፤ ውኃ በሞቀ ቁጥር በውስጡ የሚይዘው አየር ስለሚቀንስ፣ ሙቀቱ ከሃያ ዲግሪ ሲያልፍ ይህ ዓሣ ይጨነቃል፤ የባሌ ተራሮች ምንጮች ግን ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዞች ናቸው። እንግዲህ ወንዙ ወደ ቆላ በወረደ መጠን የትራውት አገር እያበቃ ይሄዳል፤ ያው ዌብ እልፍ ብሎ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ሰንጥቆ ሲያልፍ ጠባዩም ነዋሪዎቹም ሌሎች ናቸውና፣ በዚያ ትራውት ፍለጋ መቆም ከንቱ ድካም ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረጠው ወራቱ ነው። በባሌ ደጋ የበልጉ ዝናም ከመጋቢት ጀምሮ ይጥላል፤ ዋናው ዝናም ደግሞ ከሐምሌ አንሥቶ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ በነዚህ ጊዜያት ወንዙ ደፍርሶና ሞልቶ ስለሚወርድ ዓሣው ማጥመጃውን አያይም፣ አጥማጁም የወንዙን መልክ አያውቅም። ስለዚህ ጉዞዎን ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ያድርጉት። በኅዳር ውኃው ገና ብዙ ነው፤ ዓሣውም ተበታትኖ ይገኛልና ለጀማሪ ይመቻል። በታኅሣሥና በጥር ወንዙ ይጠራል፤ በየካቲት ግን እጅግ ይቀጥናል፣ ዓሣውም በጥቂት ጥልቅ ስፍራዎች ተሰብስቦ ጥላ ባየ ቁጥር ይበረግጋል። እኔ ብጠየቅ ጥርን እመርጣለሁ። ኅዳርና ታኅሣሥ ከጾመ ነቢያት ጋር መገጣጠማቸውን አንዳንድ ወዳጆች ያነሡብናል፤ ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክር ግን የአጥማጅ ሥራ አይደለምና ለንስሐ አባትዎ ይተዉት።

መንገዱ ረጅም ቢሆንም አያስቸግርም። ከአዲስ አበባ በሻሸመኔ በኩል ሮቤ ድረስ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ለቸኮለ ሰው ወደ ሮቤ አውሮፕላንም አለ፤ ጎባ ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ብቻ ይርቃል። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለው ግን ከሮቤ በስተ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በዲንሾ ነው። ማንም ሰው ዘንጉን ይዞ በቀጥታ ወደ ወንዝ አይውረድ፤ አስቀድሞ ከጽሕፈት ቤቱ ደርሶ የመግቢያውን ይክፈል፣ ዓሣ ለማጥመድ መፈለጉን ተናግሮ ፈቃድ ይቀበል፣ በየትኛው ወንዝና በምን ዓይነት ማጥመጃ እንደሚፈቀድ ይጠይቅ፣ መሪም ይያዝ። መሪው የአካባቢው ልጅ ስለሆነ፣ የትኛው ጥልቅ ስፍራ በዚያ ሳምንት ሰው እንዳልረገጠው ያውቃል፤ ይህም ዕውቀት ከውድ ዘንግ ይበልጣል። የመጀመሪያውን ሌሊት ሮቤ ወይም ጎባ ማደርም መልካም ነው፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው እንኳ ዌብ ሸለቆ ላይ ፈጥኖ ሲራመድ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ራሱንም ያመዋል።

ስለ ዕቃው አላበዛም። ከሁለት ሜትር እስከ ሁለት ሜትር ተኩል የሚደርስ ቀላል ዘንግ፣ ክሩን የሚጠቀልል ትንሽ ማጠንጠኛ፣ ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ክብደት የሚችል ቀጭን የናይለን ክር፣ ጥቂት መንጠቆዎች፣ ስፒነር የሚባለው በውኃ ውስጥ ሲሳብ የሚሽከረከር ትንሽ የብረት ቅጠል፣ ከላባና ከክር የተሠሩ ዝንቦች፣ ፒንሳ፣ ትንሽ መረብና የውኃን ነጸብራቅ የሚቆርጥ መነጽር ይበቃሉ፤ ሁሉንም ግን ከቤትዎ ሲነሡ ይዘው ይምጡ እንጂ መንገድ ላይ እገዛለሁ ብለው አይተማመኑ። ስፒነሮች ብዙውን ጊዜ ሦስት ሹል ያለው መንጠቆ ይዘው ይሸጣሉ፤ እርሱን አውጥተው ባለ አንድ ሹል ይተኩበት፣ ወደ ኋላ የሚመለሰውንም ትንሽ እሾህ በፒንሳ ጨፍልቀው ያስተኙት፤ ቅዱስ ጴጥሮስ የግብሩን ገንዘብ ከዓሣ አፍ ያወጣው በአንድ መቃጥን ነውና፣ እኛንም አንድ ይበቃናል። እሾህ የሌለው መንጠቆ ከትንሽ ዓሣ አፍ ሳይቀድ ይወጣል፤ ከራስ ጣትም እንዲሁ።

ቋጠሮ ግን ችላ የሚባል ነገር አይደለም፤ ዓሣ ያመለጣቸው ሰዎች ክሩ ተበጠሰ ብለው ሲያወሩ፣ ብዙ ጊዜ የተፈታው ቋጠሮው ነው። የክሩን ጫፍ በመንጠቆው ቀዳዳ ያሳልፉ፤ ጫፉን በዋናው ክር ዙሪያ አምስት ጊዜ ይጠምጥሙ፤ መልሰውም ከመንጠቆው አጠገብ በቀረችው ትንሽ ክፍተት ያስገቡ፤ ከዚያ በኋላ ቋጠሮውን በምራቅ አርጥበው ቀስ እያሉ ይሳቡት። ደረቅ ናይለን በፍጥነት ሲጠብቅ እርስ በርሱ ተፋጭቶ ይግላል፣ በጋለበትም ይደክማልና ምራቁን እንደ ጨዋታ አይቁጠሩት። በብርድ የደነዘዘ ጣት ቋጠሮ አይታዘዝለትም፤ ስለዚህ ሦስት አራቱን መንጠቆ በማታ፣ በመብራት አጠገብ፣ በአጫጭር ክር አስረው ማዘጋጀት ብልኅነት ነው።

የዓሣ አጥማጅ ሥራ ጎሕ ሳይቀድ ይጀምራል የሚለው ልማድ ለቆላ ሐይቅ እንጂ ለባሌ ደጋ አልተሠራም። በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ብርዱ ከዜሮ በታች ስለሚወርድ፣ በማለዳ የወንዙ ዳር ሣር በአመዳይ ነጥቶ፣ በዘንጉ ቀለበቶች ላይ የቀረው ውኃ ጠጥሮ ክሩን አላሳልፍ ይላል፤ በውኃው ውስጥም ትራውቱ ከበታች ተኝቶ ምግብ አይሻም። ፀሐይ ሸለቆውን ካሞቀች በኋላ፣ ከጧቱ አራት ሰዓት ገደማ ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ፣ ትናንሽ ነፍሳት ከውኃው መውጣት ሲጀምሩ፣ ዓሣውም ይነቃል። ስለዚህ ሻይዎን ጠጥተው፣ ቁርስዎን በልተው፣ ያለ ጥድፊያ ይውረዱ፤ በማለዳ ወንዝ ዳር የተንቀጠቀጠ ሰው እኩለ ቀን ሲደርስ ደክሞት ዛፍ ሥር ይተኛል፣ ያን ጊዜም ዓሣው ይበላል።

አሁን ወደ ዋናው ጥበብ እንግባ፤ ይኸውም ሳይታዩ መቅረብ ነው። በዚህ አንድ ነገር ከሠለጠኑ የቀረው ሁሉ ጉድለት ቢኖረው ዓሣ ይይዛሉ፤ በዚህ ከጎደሉ ግን የዓለም ምርጥ ዕቃ አይረዳዎትም። ትራውት ሁልጊዜ ራሱን ወደ ውኃው መምጫ አዙሮ ይቆማል፤ ምግቡን ውኃው ያመጣለታልና። እንግዲህ አጥማጁ ከታች ወደ ላይ፣ ከዓሣው በስተ ኋላ መምጣት አለበት። ዓሣው ከውኃ በላይ ያለውን ዓለም የሚያየው ከራሱ በላይ በተከፈተ ክብ መስኮት በኩል ስለሆነ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ከሩቅ ይታየዋል፤ ጎንበስ ያለ ወይም የተንበረከከ ሰው ግን ከመስኮቱ ጠርዝ በታች ይሰወራል። የባሌ ወንዞች ዳር ብዙው ሣርና ረግረግ እንጂ ዛፍ አይደለምና መሸሸጊያ የለም፤ ስለዚህ ከመጨረሻዎቹ አሥር እርምጃዎች በፊት ይንበርከኩ፣ ጉልበትዎ ቢረጥብም አይዘኑ። ረግረጉ መሬት የእርምጃን ድምፅ ወደ ውኃው ያስተላልፋል፤ ዓሣውም በጎኑ ርዝመት በተዘረጋው የስሜት መሥመር ንዝረቱን ያውቀዋል። ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው ይጠቀማል፤ በዝግታ ድምፅ ማውራት ግን ያን ያህል አይጎዳም፣ ከአየር ወደ ውኃ የሚያልፈው ድምፅ ትንሽ ነውና።

ጥላን በተመለከተ ደግሞ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። በታኅሣሥና በጥር በባሌ ሰማይ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ወደ ደቡብ ያዘነበለች ናት፤ ጥላችንም ወደ ሰሜን ይወድቃል። ወንዙ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ወይም በተቃራኒው በሚሄድበት ስፍራ በሰሜኑ ዳር የቆመ ሰው ጥላው ከኋላው ይቀራል፤ በደቡቡ ዳር የቆመ ግን ጥላውንና የዘንጉን ጥላ በዓሣው ራስ ላይ ያሳልፋል፣ ከዚያ በኋላም ያ ጥልቅ ስፍራ ለግማሽ ሰዓት ያህል ለማንም አይሆንም። በሰሜን ሲቆሙ የፀሐይ ነጸብራቅ ዓይን ይወጋል፤ መነጽሩን ይዘው ይምጡ ያልኩትም ለዚሁ ነው።

ዳር ከደረሱ በኋላ ወዲያው አይወርውሩ። ተቀምጠው ውኃውን ያንብቡ። በዳንካ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው መልክ እንዲህ ነው፦ ውኃው በድንጋዮች መካከል እየጮኸና አረፋ እየደፈቀ ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ አንድ ጥልቅ ስፍራ ገብቶ ይረጋል፤ በጥልቁ መጨረሻም ሳስቶ በጠጠር ላይ ይንሸራተታል። ቀስተ ደመናው ትራውት ፈጣኑ ውኃ ወደ ጥልቁ በሚገባበት ራስጌ ላይ መቆምን ይወዳል፤ ቡናማው ግን ውኃው የዳሩን አፈር ከበታች ቦርቡሮ ሣሩ ከላይ እንደ ጣራ በተንጠለጠለበት ጨለማ ውስጥ ይመሽጋል። በፈጣን ውኃ መካከል ትልቅ ድንጋይ ካለ፣ ከፊቱም ከኋላውም ውኃው የሚዘገይበት ትንሽ ስፍራ አለ፤ ዓሣው ሳይደክም ቆሞ የሚያልፈውን ምግብ የሚለቅምበት ነው። ፈጣኑና ዝግተኛው ውኃ የሚገናኙበትን መሥመር በአረፋው ጉዞ ያውቁታል፤ አረፋ የሚሄድበት ምግብም ይሄድበታል። ከታችኛው ጫፍ ይጀምሩ፣ ቀጥሎ ወደ መካከል፣ በመጨረሻ ወደ ራስጌ ይውጡ፤ መጀመሪያ ራስጌውን የመታ ሰው የተያዘው ዓሣ ሲታገል ከታች ያሉትን ሁሉ ያስደነግጥበታል።

ምን እንደሚበላ ለማወቅ ከውኃው ውስጥ የእጅ መዳፍ የሚያህል ድንጋይ አንሥተው ይገልብጡ። ከበታቹ ጠፍጣፋ አካል ያላቸው፣ ሦስት ጭራ ያወጡ ትናንሽ እጮች ሲሯሯጡ ያያሉ፤ ሌሎቹም ከአሸዋ ቅንጣት ትንሽ ቀፎ ሠርተው፣ በውስጧ ተሸጉጠው፣ ድንጋዩ ላይ ተለጥፈው ይገኛሉ። የዓሣው ዕለታዊ ቀለብ እነዚህ ናቸው። ከላባ የተሠራ ዝንብ ሲመርጡ መጠኑና ቀለሙ ከነዚህ ጋር እንዲቀራረብ ያድርጉ፤ ቡናማና ጥቁር ትናንሽ ዝንቦች ከሚያብረቀርቁት ይልቅ ይሻላሉ። ድንጋዩንም ወደ ነበረበት መልሰው ያኑሩት፤ ለነዚያ ነፍሳት ቤታቸው ነውና።

ሲወረውሩ ከዓሣው ማዶ አንድ ሜትር ወይም ሁለት ሜትር ወደ ላይ ይጣሉት እንጂ በራሱ ላይ አይጣሉት። ዝንብ ከሆነ ከውኃው ጋር በነጻ ይውረድ፤ ክሩ ከሳበው ዓሣው ሐሰት መሆኑን ያውቃል። ስፒነር ከሆነ ከውኃው ፍጥነት ጥቂት በልጦ ይሳብ፤ ብረቷ ስትሽከረከር በዘንጉ ጫፍ ላይ የሚሰማዎት ለስላሳ መርገብገብ ከቆመ፣ ወይ ዘግይተዋል ወይ ሣር ይዛለች። በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች ማስኪ የሚባል ግዙፍ አዳኝ ዓሣ አለ፤ አሥር ሺህ ጊዜ ካልወረወሩለት አይያዝም እስከ መባል የደረሰ ነው፤ አጥማጆቹም ማጥመጃውን ከውኃ ከማውጣታቸው በፊት በታንኳው አጠገብ የስምንትን ቁጥር ቅርጽ እየሠሩ ያዞሩታል፤ ዓሣው እስከ እግራቸው ድረስ ተከትሎ መጥቶ በመጨረሻው ቅጽበት ስለሚነድፍ ነው። የባሌው ትራውት በመጠን ከርሱ ጋር አይነጻጸርም፤ በጠባይ ግን ይህ ነገር አለው። በጠራ ውኃ ስፒነሯን እስከ ዳር ተከትሎ ይመጣና ያመነታል። ስለዚህ ስፒነሯ ወደ እርስዎ ስትቀርብ ቸኩለው አያንሷት፤ ለአፍታ ትስጠም፣ ቀጥላም ወደ ጎን ትታጠፍ፤ የዚያን ጊዜ ይነክሳል። በአንድ ስፍራ አምስት ስድስት ጊዜ ወርውረው ያልተነካ ከሆነ ግን እዚያው አይድረቁ፤ የባሌ ትራውት እንደ ማስኪ አሥር ሺህ ውርወራ አይታገሥም፣ ይሸሻል። ወደሚቀጥለው ጥልቅ ይሂዱ።

በነከሰ ጊዜ ክንድዎን አይወንጭፉ፤ የእጅ አንጓዎን ብቻ ቀና ያድርጉ። ዘንጉን ወደ ላይ ይዘው፣ ክሩን ሳያላሉ፣ መሮጥ ሲፈልግ ያሩጡት፤ ሲደክም ይሳቡት። የማጠንጠኛው ልጓም አስቀድሞ እንዲላላ ተደርጎ ከሆነ ቀጭን ክር ትልቅ ዓሣ ይችላል። መረቡን በዓሣው ላይ አይወርውሩ፤ መረቡን በውኃ ውስጥ አኑረው ዓሣውን ወደ እርሱ ይምሩት።

ከያዙት መካከል የቱን እንደሚያስቀሩ አስቀድመው ይወስኑ። ፓርኩ የሰጠዎት ወሰን ካለ እርሱ ሕግ ነው፤ ከዚያ በታችም ቢሆን ለዚያ ቀን ማዕድ ከሚበቃ በላይ ማውጣት ስግብግብነት ነው። የሚለቁትን ዓሣ በደረቅ እጅ አይንኩት፤ ቆዳው ላይ ያለው ዝልግልግ ከበሽታ የሚጠብቀው ልብሱ ነውና እጅዎን አርጥበው፣ ከውኃው ሳያርቁ፣ መንጠቆውን ነቅለው፣ ራሱን ወደ ውኃው መምጫ አዙረው፣ ራሱ ተነሥቶ እስኪሄድ ይደግፉት። የሚያስቀሩትን ደግሞ ሣር ላይ ሲንፈራገጥ አይተዉት፤ በድንጋይ ወይም በበትር አናቱን አንድ ጊዜ መትተው ይገላግሉት። ሆዱን ሰንጥቀው አንጀቱን ሲያወጡ፣ ጨጓራውንም ይክፈቱት፤ የዚያን ቀን ምን ሲበላ እንደ ዋለ ከማናቸውም መምህር ይልቅ እርሱ ይነግርዎታል። በአከርካሪው ሥር የረጋውን ጥቁር ደም በአውራ ጣት ጥፍር ፍቀው ያጥቡት፤ እርሱ ከቀረ ሥጋው ይመራል። ቅርፊቱ በጣም ደቃቅ ስለሆነ መፋቅ አያሻም። ጨውና በርበሬ ነስንሰው በጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ በሁለት ወገን ይጥበሱት፤ ሚጥሚጣ የሚያበዛ ሰው የዓሣውን ጣዕም ሳያውቀው ይቀራል።

ለእሳቱ ግን ከቤት ምድጃ ይዘው ይምጡ፤ አስታውንም፣ ጥዱንም፣ ኮሶውንም አይንኩ። ይህ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ የቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን መኖሪያ ነው። ውሻ ይዞ መምጣትም ፈጽሞ አይገባም፤ ቀይ ቀበሮዎችን በተለያዩ ዓመታት የፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሾች የተላለፈ ነው። የተቆረጠ ናይለን ክርም በሣር ላይ ከቀረ ወፍ ይጠልፋልና ጠቅልለው በኪስዎ ይመልሱት።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ እርሱም ከሁሉ የሚከብደኝ ነው። ትራውት ባዕድ ፍጡር መሆኑን በመጀመሪያ ተናግሬአለሁ፤ አዳኝም ነው፤ የነፍሳትን እጭ ብቻ ሳይሆን የእንቁራሪት ጭራሌዎችንም ይበላል፤ በባሌ ተራሮች ደግሞ በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ የማይገኙ እንቁራሪቶች ይኖራሉ። ዛሬ ባለበት ወንዝ ውስጥ ያለውን ማጥመድ ነውር የለበትም፤ ወዳልደረሰበት ምንጭና ኩሬ ማድረስ ግን የማይመለስ ጥፋት ነው። ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ከዳንካ ወይም ከዌብ የያዙትን ሕያው ትራውት በባልዲ ይዘው ወደ ሌላ ውኃ እንዳይወስዱ፣ ሌላ ሰው ሲወስድ ቢያዩም ለዲንሾው ጽሕፈት ቤት ሳይውል ሳያድር እንዲያመለክቱ አጥብቄ እለምንዎታለሁ።